ያልታዘዘው አጎበር

ሰፊዋ የተሰፉትን አጎበሮች ትከሻዋ ላይ ቆልላ ግቢውን እየሮጠች አቋረጠች። መሮጡን ወድዳው አልነበረም። የጉዞው አዛዥ «ፀሐይ ሳይበረታ» ብለው ነበር፤ እኚህ ሰው ደግሞ አዝዘው የዘገየባቸውን ሰው እስከ መቃብር አይረሱም። በግራም በቀኝም በቅሎዎች ይጫናሉ፣ ይራገፋሉ፣ ጭነቱ አጋደለ ተብሎ እንደገና ይጫናሉ። ጠባቂዎቹ የጠመንጃቸውን አፈሙዝ በሰም በተነከረ ጨርቅ ይጠቀልላሉ፤ የቆርቆሮ ሳጥኖቹ እርስ በርስ እየተላተሙ ይንኳኳሉ። ነገ ጠዋት መልእክተኞቹ ወደ ባሕር ይወርዳሉ፤ ከዚያም በመርከብ ወደ ደሴቲቱ ይሻገራሉ። ከዚህ ሁሉ ተጓዥ ደሴቲቱን በዓይኑ ያያት፣ የሰዎቿንም ቋንቋ ስዋሂሊን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም የሰፊዋ ባል፣ አስተርጓሚው ነው።

የግቢው ጌታ ነጋዴዎች እዚያች ደሴት ላይ ከታሰሩ ሰንብተዋል። የደሴቲቱ ሱልጣን ለምን እንዳሰራቸው አንዱ አንድ ይላል፣ ሌላው ሌላ። የማስፈታቱ ሥራ ለክቡር መልእክተኛው ከተሰጠ ወዲህ ግን በግቢው ውስጥ ሰው ሰውን ማመን ትቷል። መስኮቱን የከፈተ እንደሆነ «ምን ሊሰማ ነው?» ይባላል፤ የዘጋ እንደሆነም «ምን ሊደብቅ ነው?» ይባላል። ደኅና አደርክ ያሉት ሰው እንኳ «ማደሬ ለምን አሳሰበው?» እያለ ሲብሰለሰል ይውላል።

አዛዡ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ የናስ ሰዓታቸውን በመዳፋቸው ይዘው ሳጥን ላይ ተቀምጠው ጠበቋት።

«ቀይ!» አሉ።

«የክቡርነታቸው፤ ይኸው» ብላ ቀይ ክር የዞረበትን አጎበር አቀበለቻቸው።

«ጥቁር!»

«የእርስዎ።»

«አረንጓዴ!»

«የመድኃኒት ቀማሚው።»

የዚያ ቤት አሠራር እንዲህ ነበር። ከተጓዦቹ እያንዳንዱ የራሱ የክር ቀለም አለው። አጎበሩ፣ የልብስ ከረጢቱ፣ የመድኃኒት ቋጠሮው ሁሉ በዚያው ቀለም ይሰፋል፤ ማንበብ የማይችል ተሸካሚ እንኳ የማንን ዕቃ ለማን እንደሚሰጥ እንዳይሳሳት ነው። የባሏ ቀለም ግራጫ ነበር። ከተጋቡ ጀምሮ በሄደበት ሁሉ ግራጫ ነው። እሷም የግራጫውን ክር ድውር መርጣ፣ ሳይቋጠር እንዲፈታ አድርጋ ጠቅልላ፣ ትእዛዙን ስትጠብቅ ሰንብታለች። ቢጫ የጠባቂዎቹ ነበርና እሱም ተጠርቶ አለቀ። አዛዡ ሰዓታቸውን ከድነው ተነሡ።

«ጌታዬ፣ ግራጫው ቀርቷል» አለች።

«የትኛው ግራጫ?»

«የባለቤቴ። የአስተርጓሚው።»

«ግራጫ አዝዤሻለሁ?»

«አላዘዙኝም። ተረስቶ ይሆናል ብዬ ነው እንጂ...»

«እኔ እረሳለሁ?»

እሳቸው መርሳት ቢችሉማ ግማሹ ግቢ ዛሬ በሰላም ይተኛ ነበር።

«ያዘዝኩሽን ሰፍተሻል፤ እጅሽ ይባረክ» አሉ አዛዡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያላዘዝኩሽን ግን አትጠይቂ። ለባልሽም እንዳታነሺበት።»

ይኼ የመጨረሻው ቃል ነው ሆዷ የገባው። ረስተውት ቢሆን ይቆጧት ነበር። ንቀውት ቢሆን ይስቁ ነበር። «ለባልሽም እንዳታነሺበት» ግን ምን ማለት ነው? ባሏ ወባ ስለሚፈላበት አገር ስንት ጊዜ አጫውቷታል። ያለ አጎበር ያደረ ሰው በሳምንቱ ይንቀጠቀጣል ብሏታል። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ አገር አጎበር ያልታዘዘለት ተጓዥ፣ ወይ እዚያ አያድርም፣ ወይ ማደሩ ማንንም አያሳስብም። ሰፊዋ በባዶ ትከሻዋ ተመለሰች። አስተርጓሚ የሁለቱንም ወገን ቃል የሚሰማ ሰው ነው፤ ነገሩ ካለቀ በኋላ ደግሞ ብዙ የሰማ ሰው ለጌቶች አይመችም። ባሌን ወስደው እዚያው ሊያስቀሩት ነው ብላ አሰበች። ያሰበችውን ጮክ ብላ የተናገረች መስሏት አፏን በእጇ ያዘች።

ቀትር ላይ ለክቡር መልእክተኛው የተሰፋውን ስስ ቀሚስ እንድትለካ ወደ አዳራሹ ተጠራች። ባሏ ተጓዦቹን እያስተማረ ነበር። እሷ መርፌዎቿን በከንፈሯ ይዛ የክቡርነታቸው ጫማ ሥር ተንበረከከች፤ ጆሮዋን ግን ወደ እሱ ጣለች።

«ሱፍ አይያዝም» አለ አስተርጓሚው። «ቆዳም አይያዝም፤ ይሻግታል። ቀጭን ጥጥ፣ ሰፋ ያለ፣ ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን። እዚያ አገር ገላውን ገልጦ የሚሄድ ሰው አይከበርም።»

«ካባዬስ?» አሉ መልእክተኛው።

ካባው ከወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። ወርቀዘቦው ብቻውን አንድ በቅሎ ያጎብጣል።

«ክቡርነትዎ፣ እዚያ አየሩ ራሱ ያልባል። ይህን ለብሰው ከመርከብ ቢወርዱ ሰላምታ ሳይሰጡ ውሃ ይሆናሉ።»

«ካባ ሳልለብስ ማን መሆኔን በምን ያውቃሉ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«አንተማ ምን እንደምትነግራቸው እኔ በምን አውቃለሁ!» አሉ ክቡርነታቸው። አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ግን እንደ ጀመረ ተቋረጠ፤ ነገሩ ቀልድ አለመሆኑ ሁሉም ገብቶታል።

አስተርጓሚው እንዳልሰማ ቀጠለ። ውሃ ፈልቶ ካልሆነ አይጠጣም። መራራው የወባ ዱቄት ከመሄድ በፊት ተጀምሮ ከተመለሱም በኋላ ይዋጣል፤ ደኅና ነኝ ብሎ የተወው ሰው ቤቱ ገብቶ ነው የሚወድቀው። ባሕር ውስጥ ጫማ ሳያደርጉ አይገባም፤ እንደ መርፌ ትራስ እሾህ የወረሰው ፍጥረት ድንጋዩ ሥር አለ። ሰው ቤት ሲደርሱ በር አይመታም፤ ውጭ ቆመው «ሆዲ» ይላሉ፤ ከውስጥ «ካሪቡ» ካልተባለ እግር አይነሳም። ከገቡም ጫማ ደጅ ይቀራል።

«ጫማዬን ደጅ ትቼ ቢሰረቅስ?» አለ ከጠባቂዎቹ አንዱ።

«እንዳንተ ያለ እንግዳ ካልመጣ አይሰረቅም» አለው አስተርጓሚው፣ አሁንም ተሳቀ። «ከሁሉ በላይ ግን ሽማግሌና አሮጊት ስታገኙ ቀድማችሁ ‹ሺካሞ› ብላችሁ እጅ ንሡ። በተለይ እናቶችን። እናት ያላከበረ እዚያ አገር ጉዳዩ አይሰምርም።»

«እናቶችን» ሲል ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። ዓይኗ ዓይኑን ሲያገኘው ወዲያው ወደ ጣሪያው ሸሸ። ክቡር መልእክተኛውና አዛዡም በዚያችው ቅጽበት ተያዩ። ሰፊዋ ይህን ሁሉ ከወለሉ ላይ ሆና አየች። አንዷ መርፌ ከንፈሯን ወጋቻት፤ ሕመሙ የተሰማት ግን ከአዳራሹ ከወጣች በኋላ ነው።

ከዚያ ወደ ቤቷ አልሄደችም። እግሯ የመራት ወደ መድኃኒት ቀማሚው ክፍል ነው። ቀማሚውን ግቢው «መራራው» ይለዋል፤ ለዱቄቱ ይሁን ለጠባዩ አይታወቅም። ከሚዛኑ ፊት አጎንብሶ የወባውን ዱቄት በትንንሽ ወረቀት እየጠቀለለ፣ እያንዳንዱን ጥቅል በባለቤቱ ቀለም ክር ያስራል። ቀይ አለ፣ ጥቁር አለ፣ ቢጫ አለ። ግራጫ የለም።

«ወንድሜ፣ የባሌን ረሳኸው?»

ቀማሚው ቀና ሳይል «አልረሳሁም» አለ።

«አዛዡ ከልክለውህ ነው?»

«አዛዡ ምን አገባቸው? ባልሽ ራሱ መጥቶ ‹የኔን ከነሱ ጋር አታድርገው› ብሎኝ ነው።»

«እሱ ራሱ?»

«በገዛ አፉ። ለምን ብለው ሳቀብኝ። ባልሽ ከሳቀ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ በጉጠትም ነገር አይወጣለት» አለና እንደ መጠራጠር ብሎ አያት። «ለምንድን ነው የምትጠይቂው? ማን ልኮሽ ነው?»

«ማን ይልከኛል? ሚስቱ አይደለሁ?»

«ሚስትማ ባሏን ትጠይቃለች» አለና ወደ ሚዛኑ ተመለሰ።

ሰፊዋ እዚያው ቆማ ቀረች። ጠዋት የፈራችው ነገር አሁን ፊቱን አዞረ። ለካ ግራጫውን ያስቀሩት አዛዡ አይደሉም። አጎበሩንም ዱቄቱንም አልፈልግም ያለው እሱ ነው። መልሶ የሚያመጣው ጉዞ ቢሆን ዱቄቱን ይፈልገው አልነበረም? ደግሞስ እዚያ አገር ቤት ያለው ሰው፣ የተዘረጋ አልጋና የተሰቀለ አጎበር የሚጠብቀው ሰው፣ ካልሆነ በቀር ማን ነው ባዶ እጁን የሚሄድ?

ባሏ ወጣትነቱን የጨረሰው እዚያች ደሴት ላይ ነበር። «ማንም አልነበረኝም፤ ከመርከብ ዕቃ ማውረድና እንቅልፍ ብቻ» ይላል ሲጠየቅ። እሷም አምናው ኖራለች። ልጅ አልወለዱም፤ እሱም በዚህ አንድ ቀን ከፍቶት አያውቅም። አለመከፋቱ እስከ ዛሬ ደግነት ይመስላት ነበር። አሁን ግን ሌላ ቦታ ልጅ ያለው ሰው ለምን ይከፋዋል የሚል ሐሳብ መጣባትና ደሟ ፈላ። ያ ብቻም አይደለም። ጉዞው ከታወቀ ወዲህ እራት በበሉ ቁጥር የዚያን አገር ቃል ካላስተማርኩሽ ይላታል። «ሺካሞ በይ እስቲ። አይ፣ ለስለስ አድርጊው፤ አሮጊት ፊት እንደ ቆምሽ ሁኚ» ይላታል። እሷ እየሳቀች ታበላሸዋለች፤ እሱ ሳይሰለች ያርማታል። ናፍቆት የያዘው ሰው የናፈቀውን ስም መጥራት ይወዳል ብላ ታልፈው ነበር። ማንን ናፍቆ እንደሆነ አለመጠየቋ አሁን አንገበገባት።

ቤቷ ስትደርስ በሩን ዘግታ የባሏን ኮት ኪስ በረበረች። ኮቱን የሰፋችው እሷ ናት፤ የውስጥ ኪሱን ግን እስከ ዛሬ ዳብሳው አታውቅም ነበር። አንድ ሲባጎ አገኘች። ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ ቋጠሮ አለው። ሰፊ ናትና ማንም እንዲነግራት አላስፈለገም፤ ልኬት ነው። በጣቷ ዘረጋችው። ለወገብ አጭር፣ ለእጅ አንጓ ረጅም ነው። እግር ነው። የሴት እግር።

ጨርቅ ነጋዴው ሰሞኑን «ባልሽ ጥጥ መምረጥ ይችልበታል፤ አበባማውን ወሰደልሽ» ብሏት ነበር። እሷም ደስ ብሏት ቤት ገብታ ጠበቀች። ጨርቁ አልመጣም። አሁን የት እንደሚሄድ ገባት። ጫማና ልብስ ይዞ፣ አጎበርና መድኃኒት ትቶ የሚሄድ ባል ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ሲባጎውን መልሳ ኪሱ ከተተችው።

ባሏ ላብ በላብ ሆኖ ገባ።

«ክቡርነታቸው ካባውን ካልያዝኩ አሉ» አለና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «በመጨረሻ በሳጥን ይሂድ ተባለ። ሳጥኑ ያልበዋል እንግዲህ።»

አልሳቀችለትም። «አጎበርህስ?» አለች።

«ምን ሆነ?»

«አልታዘዘም።»

እጁ የጫማው ክር ላይ ቆመ። «እኔ አጎበር ምን ያደርግልኛል? የዚያ አገር ትንኝ ያውቀኛል።»

«ያውቅሃል? ከዚያ በመጣህበት ዓመት ጥርስህ እየተንገጫገጨ አልጋ ስትይዝ፣ ብርድ ልብስ የደራረብኩብህ እኔ አይደለሁም? እንዲያ ያደረገህ የሚያውቅህ ትንኝ ነው?»

ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሊወጣ መጣና ተመለሰ። እሷ ያቺን መመለስ አየቻት፤ ከንግግር ሁሉ በላይ ያስቆጣቻት ያቺው ናት።

«እስከ ነገ ጠዋት እመኚኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«ነገ ጠዋትማ አንተ በቅሎ ላይ ነህ።»

«እስከ ነገ ጠዋት ብቻ። ከዚያ በላይ አልለምንሽም።»

«አሁን ብትነግረኝስ?»

«አልችልም።»

«አትችልም ወይስ አትፈልግም?»

ከውጭ ጠባቂው ስሙን ጠርቶ አዛዡ እንደሚፈልጉት ነገረው። ተነሥቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ አያት። ኮቱን ሳይለብስ ወጣ።

ሰፊዋ ብቻዋን ቀረች። መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥሎ ፊቷን ታጠበችና አሰበች። ዝም ካለች ነገ ይሄዳል፤ አበባማ ጥጡን ታቅፎ፣ ለዚያች እግሯን ለሚያውቅላት ሴት ጫማ ይዞ ይሄዳል። ከተናገረች ግን ያስቀሩታል። ይረግማታል፣ ምናልባትም አያናግራትም። ቢሆንም እዚህ ይሆናል። ፊት የነሣ ባል ከጠፋ ባል ይሻላል ብላ ወሰነችና ነጠላዋን ሳበች።

ክቡር መልእክተኛውና አዛዡ ባሏን ወደ በቅሎዎቹ ልከው በዕቃ ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ሰፊዋ ደጃፉ ላይ እጅ ነሣች።

«ክቡርነትዎ፣ ባለቤቴ አይመለስም» አለች።

አዛዡ ሊቆጡ ሲነሡ መልእክተኛው በእጃቸው አስቆሟቸው። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እዚያ ሴት አለችው። ቤት አለው። አጎበር አልያዘም፣ የወባውን ዱቄት አልፈልግም ብሏል፣ የሴት እግር ለክቶ ጫማ አሰርቷል፣ የሴት ልብስ ጥጥ ገዝቷል። አንዴ ከመርከብ ከወረደ ለናንተም ለእኔም አይመለስም።»

ተናግራ ስትጨርስ ቀለል አላት። ለጥቂት ጊዜ ነው። አዛዡ ፊታቸው ገርጥቶ ነበር፤ መልእክተኛው ግን አተኩረው ያዩዋት ጀመር።

«ይህን ለሌላ ለማን ተናገርሽ?» አሉ አዛዡ።

«ለማንም።»

በሩን ከውስጥ ቀረቀሩትና በጓሮው መዝጊያ በኩል የግቢውን ድንኳን ሰፊ ሽማግሌ ጠሩት። ሽማግሌው አንድ ጭነት አቅፎ ገባና መሬት አስቀመጠው። ፈታው። ጭነቱ ዙሪያውን በግራጫ ክር ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ጥብቅና ወፍራም ነው፣ የድንኳን ሰፊ እጅ ነው። ሰፊዋ ትኩር ብላ አየች። መጀመሪያ አጎበር ወጣ፤ ሲዘረጋ ክፍሉን ሞላው። ለአንድ ሰው አልጋ አይደለም፤ የሁለት ሰው ነው። ቀጥሎ ትከሻ የሚሸፍን፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ አበባማ የጥጥ ቀሚስ። ቀጥሎ ከሌላ ቀማሚ የተገዛ የሁለት ሰው የወባ ዱቄት፤ በመጨረሻም ለስላሳ ሶል ያለው የሴት ጫማ።

«እግርሽን አስገቢ» አሉ አዛዡ።

«ጌታዬ...»

«አስገቢ እላለሁ!»

አስገባች። ልክ እንደ ቆዳዋ ገጠማት። የሰው ሁሉ ልክ በእጇ ያለፈ ሴት ናት፤ የራሷን እግር ግን አንድ ቀን ለክታው አታውቅም።

በዚያ ቤት የራሱን የጉዞ ዕቃ የሚሰፋ ሰፊ የለም። የሰፋ እንደሆነ መንገዱ አይቀናውም ይባላል፤ ስለዚህ የሰፊ ዕቃ የሚሰፋው በሌላ እጅ፣ እሱ ሳያየው ነው። ባልና ሚስት አብረው ከተጓዙም ዕቃቸው አንድ ላይ ይሰፋል። ሰፊዋ ይህን ደንብ አሳምራ ታውቀዋለች፤ ለስንቱ ለማጅ አስተምራዋለች። ነገር ግን ከከተማው በር ወጥታ የማታውቅ ሴት ተጓዥ እሆናለሁ ብላ በምን ታስብ? ደንቡ የሌላ ሰው መስሏት ኖረ።

«የእስረኞቹ ቁልፍ በሱልጣኑ እጅ አይደለም» አሉ አዛዡ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደሚከፍሉበት ያህል እየቆጠቡ። «በእናቱ እጅ ነው። እናቱ ቤት ደግሞ ወንድ አይገባም። ሴት ያስፈልገናል። ሰላምታቸውን የምታውቅ፣ አሮጊቷ የምትወደውን የእጅ ሥራ የምትችል፣ አፏን የምትይዝ። ይህ ከግቢው ከወጣ የሚያከሽፍብን ብዙ ነው። ባልሽ ‹ከሚስቴ በቀር የማምነው ሰው የለም› አለ። እኔ ደግሞ አንቺን ስለማላምን ነገ በቅሎ ላይ እስክትወጪ እንዳይነግርሽ አስማልኩት። ምሏል። መሐላውን ጠብቋል።»

ሰፊዋ ጉልበቷ ላይ ወደቀች። «ተሳስቻለሁ! ክቡርነትዎ፣ የተናገርኩትን እንዳልተናገርኩ ይቁጠሩልኝ። የማላውቀውን ነው የቀባጠርኩት።»

«አንቺ የተናገርሽውን መልሰሽ መዋጥ ትችያለሽ» አሉ መልእክተኛው። ቁጣ በድምፃቸው አልነበረም፤ ያ ነው ያስፈራት። «እኔ የሰማሁትን ምን ላድርገው? ስንት ዓመት አብራው የኖረች ሚስቱ ያላመነችውን ሰው፣ እኔ ምን ብዬ ልመነው? ቀትር ላይ በቀልድ አልፌው ነበር። አሁን አልችልም።»

«ያስቀሩታል?»

«ያለ እሱማ አፍ የለንም። ይሄዳል። አንቺ ግን ትቀሪያለሽ። እሱ እስኪመለስ መያዣ ነሽ፤ ከስፌት ቤቱ አትወጪም። ሳይመለስ ቢቀር ምን እንደሚከተል አዛዡ ይነግሩታል። ወደ ሱልጣኑ እናት የልጆቼ ሞግዚት ትሂድ።»

አዛዡ ወደ ጭነቱ አዩ። «ሞግዚቷ አጭርና ወፍራም ናት። ልብሱ አይሆናትም። ድንኳን ሰፊው እንዲያሰፋው ልዘዝ?»

«ለምን?» አሉ ክቡርነታቸው ወደ በሩ እየሄዱ። «አሁን እኮ የሷ ዕቃ አይደለም። ራሷ ትስፋው።»

ስፌት ቤቱ በር ላይ ጠባቂ ቆመ። ሞግዚቷ ልኬት ልትለካ መጣች፤ ቀሚሱን በወገቧ እንደ ምንም አስገብታ ትንፋሿን ያዘች። ደግ ሴት ናት፤ ማንም ሳይከሳት ራሷን ትከላከል ጀመር። «እህቴ ሙቺ፣ እኔ አልጠየቅኩም። ባሕርም አይቼ አላውቅ። እዚያች አሮጊት ፊት ምን እላለሁ?» አለቻት።

«ሺካሞ ትያለሽ» አለች ሰፊዋ የጎኑን ስፌት እየተረተረች። «ለስለስ አድርጊው።»

«ሺካሞ።»

«አይ፣ እንደሱ አይደለም። አሮጊት ፊት እንደ ቆምሽ ሁኚ» አለችና እንባዋ ቀሚሱ ላይ ወረደ። ሞግዚቷ ምን እንዳስለቀሳት አልገባትም፤ ወግቷት ይሆናል ብላ መርፌውን ከእጇ ተቀበለቻት።

ቀሚሱ ሰፋ፤ ጫማው አልሆነምና ተተወ። አጎበሩ ቀረ። የሁለት ሰው አጎበር ለሁለት እንዲከፈል ታዟል፤ ግማሹ ለአስተርጓሚው በግራጫ፣ ግማሹ ለሞግዚቷ በነጭ። ሰፊዋ መሬት ላይ ዘርግታ መሀሉን ፈለገች። በሕይወቷ ስንት ጨርቅ ቆርጣለች፤ መቀሱ እንዲህ ከብዷት አያውቅም። ድንኳን ሰፊው ጠርዙን እንዳይተረተር ብሎ ደጋግሞ ሰፍቶት ነበርና ለመቁረጥ ጊዜ ወሰደ።

ሲነጋ ባሏ ዕቃውን ሊወስድ ገባ። አንድ ጠባቂ ከኋላው ቆሟል፤ ጠባቂው ለማን እንደ ቆመ አይጠይቁት። ኮቱን ለብሷል። ፊቱ እንቅልፍ አላየም። አጎበሩን ከእጇ ተቀብሎ አዲሱን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«የሴት እግር መሆኑን አውቀሽ የማን እንደሆነ አላወቅሽም?» አለ።

«የራሴን ለክቼ አላውቅም።»

«ተኝተሽ ነው የለካሁሽ። ትነቂብኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር።» ፈገግ ሊል ቃጣውና ተወው። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አምነሽበት ነበር? ሴት አለችው ያልሽውን፣ ከልብሽ አምነሽ ነው?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። ተናድጄ ነው፣ ቅናት አሳብዶኝ ነው ብትለው ይቀበላት ነበር። እሱ ግን እስከ ነገ ጠዋት እመኚኝ ብሎ የለመናት ሰው ነው፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ደረሰ። «አምኜ ነበር» አለች።

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። ጭነቱን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ሲዞር ኮቱን ያዘችው።

«ትመለሳለህ?»

«መያዣ አድርገውሽ እንዴት አልመለስም?» አለ።

ከዚህ ሌላ መልስ ነበር የፈለገችው። ምን እንደሆነ ግን ልትነግረው አልቻለችም፤ ጠባቂውም ቸኩሎ ነበር። ኮቱን ለቀቀችው።

በስፌት ቤቱ ጠባብ መስኮት በኩል ሰልፉን አየች። በቅሎዎቹ በበሩ ወጡ፣ የቆርቆሮ ሳጥኖቹ ተንኳኩ፤ ሞግዚቷ አበባማውን ቀሚስ ለብሳ የኮርቻውን ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ አለፈች። ባሏ ከመጨረሻዎቹ ነበር። ዞር ብሎ አላየም፤ አይቶም ቢሆን መስኮቱ ለሱ አይታየውም። ይመለሳል። ይህን አልተጠራጠረችም፤ እሷን አስጨርሶ እዚያ የሚቀር ሰው አይደለም። ግን አንድ ቀን በዚያ በር ተመልሶ ሲገባ፣ ሚስቴ ብሎ ነው የመጣው ወይስ በኔ ምክንያት እንዳትሞት ብሎ? ቢነግራት እንኳ ከእንግዲህ እንዴት ታምነዋለች?